ማሽላ የሌለው ማኅተም

ጨው የጫኑ ግመሎች ከቆላ በሚወጡበት መንገድ ዳር፣ በአንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ ሸኽ ሙዘይን የሚባሉ ዓሊም ይኖሩ ነበር፤ አላህ ይዘንላቸው። ሕዝቡ ማሽላውን እሳቸው ዘንድ በአማና፣ በአደራ፣ ያስቀምጣል። እህሉ ከመስጊዱ ጀርባ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ይገባና አፋቸው በጭቃ ይመረጋል። አስቀማጩም ለእያንዳንዱ ዳውላ የሸኹ ማኅተም የተተኮሰባት ቁራጭ ቆዳ ይቀበላል። ቆዳዋን ያመጣ ማሽላውን ይወስዳል። እያደር ግን ማን እህል ይሸከማል? ሰው በቆዳዋ በግም ጨርቅም ይገዛባት ጀመር።

ሸኹ ዓይናቸው ሲደክም ማኅተሙን ሐጂ በሽር ለሚባል ነጋዴ ሰጡት።

አንድ ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ሩቂያ የምትባል ባሏ የሞተባት ጥጥ ፈታይ መጣች።

«ሸኽዬ፣ ቆዳዎን ምን ነካው?»

«ምን ሆነ ልጄ?»

«አምና በአንዲት ቆዳ በግ ገዛሁ። ዛሬ በአንዲት ቆዳ ላቱን ብቻ ብጠይቅ ሳቁብኝ። ፈትሌ ያው ነው፣ ጣቴም ያው ነው። ሐጂ በሽርና ባልንጀሮቹ ግን የጎረቤቶቼን መሬት ጠቅልለው ገዝተው የእኔ አጥር ሥር ደርሰዋል። ቆዳ የሚወልድ በግ አላቸው እንዴ?»

ሸኹ ማኅተሙን በገዛ እጃቸው እንደሰጡ አሰቡ። በሽርን አስጠሩት። አልካደም።

«የማንም ማሽላ አልተነካም፣ ሸኽዬ። ሰው ሁሉ ማሽላውን ሊወስድ በአንድ ቀን አይመጣ። ትርፍ ቆዳ ተኩሼ ለባልንጀሮቼ ባበድር ማን ተጎዳ? ገበያው ደራ። የመስጊዱም ጣሪያ የተሠራው ከዚያው ነው።»

«ሲመልሱ ይጨምራሉ?»

«ትንሽ።»

«ሪባ ነዋ፣ ሐራም ወለድ።»

«እርስዎ ዝም ካሉ ማን ያውቃል? ጉድጓድ ተከፍቶ አይታይ።»

ልክ ነው። የተመረገ ጉድጓድ ነፋስ ከገባው ማሽላው ይነቅዛልና ለማየት ብሎ የሚከፍት የለም። ያ ሁሉ ሌብነት የተሸሸገው ከዚህ ወግ ሥር ነበር።

ጁሙዓ ዕለት፣ ሸኹ ጉድጓዶቹ ሁሉ በሰጋጁ ጀመዓ ፊት እንዲከፈቱ አዘዙ። «ስሜም አብሮ ይከፈት» አሉ። እህሉ ወጥቶ ቢሰፈር የቆዳውን እኩሌታ እንኳ አልሞላም።

«ቆዳ የያዘ እጁን ያንሳ» አሉ።

ፈታዮች፣ ሸማኔዎች፣ ተሸካሚዎች አነሡ። ከበሽር ባልንጀሮች አንድም እጅ አልተነሣ። ገበያው ሳይነቃ መሬትና ከብት ገዝተውበት፣ ቆዳውን ለድሃ አስታቅፈው ወጥተዋል።

«እኛ እጅ ሲደርስ ነው እንዴ ባዶ ቆዳ የሚሆነው?» አለች ሩቂያ።

ሸኹ እህሉን ቆዳ ለያዙት አከፋፈሉና ወደ በሽር ዞሩ። «የጎደለውን ከመሬቱ ትሞላላችሁ።»

«ግዢ ሐላል ነው፤ ወደው ነው የሸጡልን።»

«ወደው የሸጡት ቆዳው ማሽላ አለው ብለው ነው።»

ይህን ብለው የመስጊዱን ጣሪያ አስፈረሱ። የጥዱን ወራጅ ሸጠው፣ የራሳቸውንም እርሻ ጨምረው ለባለ ቆዳዎቹ ሰጡ። ያኔ በሽር ከሰው ፊት መቆሚያ አጣ፤ እሱም ባልንጀሮቹም መሬቱን መለሱ።

በክረምቱ ጀመዓው ዝናብ እየወረደበት ሰገደ። አንዱ ልብሱን እየጨመቀ ሲያጉረመርም ሸኹ እንዲህ አሉት፦ «ዝናቡ ያረጠበው ልብሳችንን ነው። ጣሪያው ግን ሶላታችንን ያበላሽ ነበር።»

ሰው ይህን ሲሰማ «ማሻአላህ» ብሎ ይሄዳል። ቆይ፣ ወዴት ነው? ዛሬም ባንክ ሲያበድር ከሣጥኑ ቆጥሮ የሚያወጣ ይመስለናል፤ አብዛኛውን ግን በብድሩ ፊርማ ይፈጥረዋል። ይፍጠር፤ ለማን? መያዣ ላለው። ባለ ሕንፃው ሕንፃውን አስይዞ ተበድሮ ሌላ ሕንፃ ይገዛል፣ ኪራይ ይሰቀላል፣ ጉልት የምትቸረችረው ሴት ብሩ የሚደርሳት ከረከሰ በኋላ ነው። ከዚያ ለእሷ ስለ ቁጠባ ትምህርት ይሰጣታል። ምኗን ትቆጥብ? እኛም ሪባን ስናወግዝ ለመድኃኒት የተበደረውን ምስኪን እንገሥጻለን፣ መስጊድ ያሠራልንን ባለጸጋ ግን ከፊተኛው ሰፍ፣ ከመጀመሪያው የሰጋጅ ረድፍ፣ እናስቀምጠዋለን። ሸኹ ያፈረሱት የራሳቸውን መስጊድ ጣሪያ ነው፤ እኛ ግን የጎረቤት ጣሪያ ሳይመስለን አልቀረም።