የጡብ ሠሪው ቫልቭ

«ጋሼ፣ ልጄን ስቆጣት ትሸሸኛለች፤ ዝም ስላት ደግሞ የፈለገችውን ታደርጋለች። እንዴት አድርጌ ልያዛት?» ስትል እታፈራሁ ጎረቤቷን ጋሽ ዘርጋውን ጠየቀቻቸው። ጋሽ ዘርጋው ዕድሜያቸውን መካኒክነት ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። እንዲህ አሏት፦

አንድ ሰው ነበረ፤ ጡብ ሠሪ። አፈሩን በዘይት ግፊት የሚጨምቅ መኪና ነበረው። ሚስቱ አፈሩን ትሞላለች፣ እሱ ይጨምቃል። መኪናው ላይ፣ ግፊቱ ሲበዛ እየተከፈተ ዘይቱን ወደ ማጠራቀሚያው የሚመልስ ቫልቭ አለ። ይህ ቫልቭ እየተንቀጠቀጠ ይጮህ ጀመር። ጡቡም አንዱ ጠንካራ፣ አንዱ ልል ሆነ።

ሰውየው ተናደደና ቫልቩን ተጭኖ የሚዘጋውን የሽቦ ጥቅልል፣ ሞላውን፣ አጠበቀው። በሦስተኛው ቀን ቱቦው ፈነዳ፤ የጋለው ዘይት ሚስቱን ክንዷ ላይ አቃጠላት። ደንግጦ ሞላውን አላላው። አሁን ደግሞ ጡቡ ገና ከቅርጹ ሲወጣ ይፈረፈራል። መኪናውን ሊሸጠው ቆረጠ።

ሚስቱ ክንዷ እንደታሰረ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«እስቲ አስነሣውና ዝም ብለን እንስማው» አለችው።

ሰሙት። «የከበደው አይመስለኝም፤ የቸኮለ ነው የሚመስለኝ» አለች።

ሰውየው እጁን ቫልቩ ላይ አሳረፈ። እውነቷን ነበር። ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ ትንሽ ገፋ ባደረገ ቁጥር ቫልቩ ብድግ ይላል፣ ወዲያው ይዘጋል፣ እንደገና ብድግ ይላል። ሞላውን ወደ ልኩ መለሰና፣ ከቫልቩ ጀርባ ዘይቱ በሚያልፍበት መንገድ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ቀዳዳ ያላት ትንሽ ብረት አስገባ። ከዚያ ወዲያ ቫልቩ ሲከፈትም ሲዘጋም ዘይቱ ያዝ እያደረገው በዝግታ ሆነ። ጩኸቱ ቆመ፤ ጡቡም አንድ ልክ ሆኖ ወጣ።

ሚስቱ ግን ቁስሏ ከዳነ በኋላም ለብዙ ቀን አፈሩን የምትሞላው ራቅ ብላ ነበር። ሰውየው «ቅረቢ» አላላትም። አንድ ቀን ራሷ ቀረበች።

ጋሽ ዘርጋው እታፈራሁን ቀና ብለው አዩዋት።

«አየሽ ልጄ፣ ሞላው ቁጣሽ ነው። አንቺም እስከ ዛሬ እሱን ስታጠብቂና ስታላሊ ኖርሽ። ቁጣሽ ልኩን ይዞ ይቀመጥ። እሷ በምትናገረውና አንቺ በምትመልሺው መካከል ግን ትንሽ ቀዳዳ አበጂ፤ ነገሩ በዚያች ቀስ ብሎ ይለፍ። ልጅቷ ዛሬውኑ ላትቀርብሽ ትችላለች። ያቃጠላት ነገር አለና፣ ጠብቂያት።»