እርጥቡን ሣር ማን ይያዝ?

በአንድ ወቅት... እንዲህ ብዬ የምጀምረው ዘመኑ ስለራቀ አይደለም፤ ስለማፍር ነው። ቀጨሞ በርና ሾላ ሜዳ የሚባሉ ሁለት መንደሮች ነበሩ። የሚለያቸው አንድ ወንዝ ነው፤ እሱም በክረምት መውጫ እንኳ ከጉልበት አያልፍም። እኔ የቀጨሞ በር ሰው ነኝ። ከሾላ ሜዳዎች ጋር ደም ተቃብተን ሃያ ሁለት ዓመት ተጋደልን። ስንት ሰው እንደሞተ ከሁለቱም ወገን የማያውቅ የለም። በምን ተጀመረ ብትሉን ግን አንዱ በበሬ ይላችኋል፣ አንዱ በድንበር፣ አንዱ ደግሞ ሠርግ ላይ በተነገረ ቀልድ። ለቀልድ ሃያ ሰባት ሰው ቀበርን ማለት ነው።

ሰአዳ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች የጤና ሠራተኛ ናት። የሁለቱንም መንደር ሕፃናት እንድትከትብ ታዝዛ ነበር፤ በተኩሱ የተነሳ ግን ክትባቱ ወንዙን መሻገር አልቻለም፤ ኩፍኝ ገብቶ ልጆቻችንን ይለቅም ጀመር። አንድ ቀን በሬዲዮ፣ በዓመት አንዴ መስከረም ዐሥራ አንድ ዓለም ሁሉ ተኩስ ያቁም የሚሉ ሰዎች እንዳሉ ሰማች። ከዚያ ወዲያ ቤት ለቤት መዞር ሆነ ሥራዋ።

«ታረቁ አላልኳችሁም፤ አንድ ቀን ብቻ ስጡኝ» ትላለች።

እኛ የእነሱ ሰላይ አልናት፣ እነሱ የእኛ። ሦስት ዓመት ዞረች። አንዴ ከመንደራችን በድንጋይ አባረርናት፤ ግንባሯን የፈነከታት ድንጋይ የወጣው ከእኔ እጅ ነው። በሳምንቱ ቁስሏን በሻሽ አስራ ተመለሰች፤ «እሺ፣ የት ደርሰን ነበር?» አለችን። በመጨረሻ ሼህ እንድሪስ ሰሟት። ሼህ እንድሪስ የአካባቢው አበጋር ናቸው፤ ደም የሚያደርቁ፣ እርግማናቸው የሚፈራ አስታራቂ ሽማግሌ። በመስከረም ዐሥራ አንድ ጠዋት እርጥብ ሣር ይዘው ወንዙን ተሻገሩ። ሣሩ ከተሻገረ ጀምሮ ጀምበር እስክትጠልቅ የሚተኩስ ሰው የተረገመ ይሁን ተባለ፤ ሁሉም አሜን አለ።

ደምለው የእኛ የጎበዝ አለቃ ነው። የበኩር ልጁን የገደለበት አራጌ የሚባል የሾላ ሜዳ ሰው ነበር። በዚያ በመጀመሪያው ቀን አራጌ ሕፃን ልጁን ታቅፎ ለክትባት ወደ ወንዙ ወረደ። ደምለው ከቋጥኙ ጀርባ ነበር፣ እኔም አጠገቡ። ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ደምለው አነጣጠረ።

«በለው!» አልኩት፣ እርግማኑን እያወቅሁ።

ደምለው ጠመንጃውን አወረደ፤ ጥይቶቹን አንድ በአንድ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠ። «ያዝልኝ፤ እኔ ዘንድ ካሉ ራሴን አላምነውም» አለኝ። በዚያ ዓመት ሠርግ በተደገሰ ቁጥር ሴቶቹ በፈሪነቱ ዘፈኑበት፤ እኛም ሳቅን። ሚስቱ «ልጄን ደመ ከልብ አደረግኸው» ብላ ቃል አልተነፈሰችለትም። እውነቱን ልናገርና፣ ደምለውም በማግሥቱ ጥይቶቹን ከእጄ ተቀብሎ መልሶ አጉርሷል።

ትጓደድ የሾላ ሜዳ ባልቴት ናት፤ ጌጡ ከሚባል አንድ ልጅ በቀር ማንም የላት። በሁለተኛው ዓመት ሣሩ በተሻገረ በሰዓቱ ጥይት ጮኸ፤ ልጁን አስከትቦ ይመለስ የነበረውን የእኛን ሰው ሁሴንን እግሩን መታው። የተኮሰውን ያየ አልነበረም። እኛ ግን ማን ተኮሰ ብለን ልንጠይቅ? ሁላችንም ወደየጠመንጃችን ሮጥን። ትጓደድ የቤቷን ጠመንጃ ድምፅ ለይታ ታውቀዋለች። ድንጋይ አንገቷ ላይ አስቀመጠች፣ በአንድ እጇ ድንጋዩን፣ በሌላው ልጇን ይዛ ወደ እኛ ተሻገረች።

«ተኳሹ ይኸውላችሁ፤ ልጄ ነው። እሱን እንደወደዳችሁ አድርጉት፤ ቀኑን ግን አትግደሉብን» አለች።

በአገራችን በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ሲመጣ፣ መጀመሪያ ያገኘው ሰው ድንጋዩን ማውረድ አለበት። መጀመሪያ ያገኘችው እኔን ነበር። እጄን አጣጥፌ አየኋት። ፀሐይ አናት እስክትበሳ ድረስ አንገቷን እንዳቀረቀረች ቆመች። ድንጋዩን ያወረደላት የተመታው ሁሴን ነው፤ ሁለት ሰዎች ደግፈውት እግሩን እየጎተተ መጥቶ። ሽማግሌዎች ጌጡ ለሁሴን ሦስት ዓመት እንዲያርስለት ፈረዱ። ትጓደድን ደግሞ ጎረቤቶቿ «ልጇን ለጠላት የሸጠች» ብለው እሳት እንኳ ነፈጓት።

ከዚያ ወዲህ በመስከረም ዐሥራ አንድ አንዲት ጥይት አልጮኸችም። ስለ ሌሎቹ ቀናት አትጠይቁኝ።

ዘንድሮ ሼህ እንድሪስ ልጅ ሳይተኩ ሞቱ። ሣር ካልተሻገረ ቀኑ የለም፤ ሣሩን ደግሞ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሲሞትም ለልጁ ያወርሰዋል። ከሁለቱ መንደር የተውጣጣን ሰባት ሽማግሌዎች ተቀመጥን፤ ሦስት ስም ተነሣ። ከሰአዳ በፊት ቀኑን ያሰበው የለም የሚሉ አሉ፤ ሥራዋ ነው፣ ነገ ተዛውራ ብትሄድስ የሚሉም አሉ። ደም የነካው እጅ ሣር አይነካም ይላሉ ስለ ደምለው፤ ሌሎቹ ደግሞ መግደል እየቻለ የተወ እሱ ብቻ ነው ይላሉ። ትጓደድ ባትኖር ቀኑ በሁለት ዓመቱ ይቀበር ነበር፤ ለእሷ ከሰጠን ግን ወራሿ ቀኑን ያፈረሰው ጌጡ ነው። ክርክሩ ጋለና፣ ብናገረው ያሳፍራል፣ ጎረምሶቻችን ለሰላም ቀን ክብር ሲሉ ጠመንጃ ይወለውሉ ጀመር።

ሦስቱንም አስጠርተን ጠየቅን።

ሰአዳ «ማንም ይያዘው፤ ብቻ እስከ ሁለት ሰዓት ይሻገር፤ የክትባቱ በረዶ ይቀልጥብኛል» አለች።

ደምለው «ለእኔ ከሰጣችሁኝ በማግሥቱም ጥይት አላጎርስም። ካልሰጣችሁኝ ግን ቃል አልገባም» አለ።

ትጓደድ «ልጄ አንድ ቀን ሣር ይዞ ይታይልኝ። ሰው የሚያስታውስለት ያቺን ጥይት ብቻ ነው» አለች።

ስድስቱ ሽማግሌዎች ሁለት ሁለት ሆነው ለሦስቱ ተከፈሉ። የቀረሁት ሰባተኛው እኔ ነኝ። ለማንኛቸውም ብሰጥ የራሴን በደል ለመካስ የሰጠሁ እንጂ የፈረድኩ አይመስለኝም፤ ዝም ካልኩ ደግሞ ከነገ ወዲያ፣ መስከረም ዐሥራ አንድ፣ ሣር የለም፣ ቀንም የለም፣ የሚከተብ ልጅም የለም። እናንተ ከሦስቱ አንዱንም አልበደላችሁም። እስከ ነገ ማታ ጊዜ አለን፤ ተከራከሩና ንገሩኝ፦ ሣሩ የሚገባው ለማን ነው?