የሐጅ ሙሄ ወፍጮና የነስሩ አርባ ጆንያ

ሐጅ ሙሄ በአንዲት የቆየች ከተማ የሚኖሩ ባለ ወፍጮ ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። የከተማዋን ስም አልጠራም። ምስጢር ሆኖ አይደለም፤ ባለፈው ዓመት ይህንኑ ታሪክ በአንድ መስጂድ ሳወራ ስሟን ጠርቼ፣ ጀማዓው ቁም ነገሩን ትቶ «ነስሩ የእነ እገሌ አያት ነው፣ አይደለም» እያለ ሲከራከር የከሰዓት በኋላው ዐስር ሶላት ደረሰብን። ዘንድሮ ያ ድካም አይደገምም። ከተማዋ መስጂድ፣ ገበያና አንድ የናፍጣ ወፍጮ ነበራት፤ ለታሪካችን ይህ ይበቃል።

ሐጅ ሙሄ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ነገር ሲያሰለቻቸው ጥምጣማቸውን አውልቀው ዱቄቱን ያራግፉና መልሰው ይጠመጥማሉ። ያን ጊዜ የሚያውቃቸው ሰው ወሬውን ያሳጥራል። የማያውቃቸው ይቀጥላል፤ እሳቸውም ሁለተኛ ያራግፋሉ እንጂ ክፉ ቃል አይወጣቸውም።

ወፍጮው የተተከለ ሰሞን የወረዳው ገዢ አሽከር አንድ ጆንያ እህል ይዞ መጥቶ፣ ከሁሉ ቀድሞ እንዲፈጭለት አዘዘ። ሐጅ ሙሄ በሰው ፊት ማሉ። «ወላሂ፣ እኔ በሕይወት እስካለሁ ቀድሞ የደረሰ ጆንያ ቀድሞ ይፈጫል» አሉና የገዢውን ጆንያ ከሰልፉ መጨረሻ አስቀመጡት። ገዢው ተቆጣ፣ አስፈራራ፣ በመጨረሻም ዝም አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ በከተማዋ ልማድ ሆነ። ሰው ጆንያውን ከግድግዳው ሥር በተራው አስቀምጦ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል፤ ጆንያው ተራ ይይዝለታል። ላም የምታልበው ታልባለች፣ ገበያ ያለበት ይገበያያል፤ ማንም የማንንም ጆንያ አይነካም። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሆኖ ኖረ። ሐጅ ሙሄም፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በዚህ መሐላቸው ትንሽ ይኮሩ ነበር።

ነስሩ ነግዶ፣ ሀብት ይዞ ከዋናው ከተማ የተመለሰው ከዚህ በኋላ ነው። ክፉ ሰው ነበር ብዬ ብነግራችሁ ሥራዬ በቀለለ። ግን አልነበረም። ዘካውን በወቅቱ ያወጣል፤ የመስጂዱን ጣራ ቆርቆሮ ያለበሰው እሱ ነው፤ የታመመ ይጠይቃል። አንድ አመል ብቻ ነበረው። የትም ቦታ ከሁሉ መቅደም ይወዳል፣ መቆም ግን አይወድም። በአካባቢው መንገድ ይሠሩ ለነበሩ ሠራተኞች ዱቄት ለማቅረብ ተዋዋለና፣ የንጋቱ ሶላት ሱብሒ ሳይሰገድ አርባ ጆንያ ስንዴ በጭነት መኪና እያስመጣ በሐጅ ሙሄ ግድግዳ ሥር ማስደርደር ጀመረ። ለጁምዓም እንዲሁ ነው። ስጋጃውን በጠዋት ልኮ በመጀመሪያው ሰፍ፣ በፊተኛው የሰጋጆች ረድፍ፣ ከኢማሙ ጀርባ ያስነጥፋል፤ እሱ ራሱ የሚመጣው ሰው ሁሉ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ፣ የሰው ትከሻ እየተሻገረ ነው።

ወፍጮው አርባ ጆንያ ፈጭቶ የሚጨርሰው ከዐስር በኋላ ነበር። ታዲያ በዚያች ከተማ ጦይባ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሦስት ልጆቿን የምታሳድገው ዳቦ ጋግራ ነው። ስንዴዋን በትንሽ ስልቻ ይዛ በጠዋት ታስፈጫለች፤ አቡክታ ኩፍ እስኪል ትጠብቃለች፤ ከዐስር በፊት በከተማዋ ለሚያልፉ የጭነት መኪና ሾፌሮች ትሸጣለች። እነሱ ካለፉ ዳቦውን የሚገዛት የለም። ነስሩ ጆንያ መደርደር በጀመረ በሳምንቱ፣ ጦይባ አራት ቀን ስንዴዋን ሳታስፈጭ ተመለሰች። ከሱብሒ በፊት ብትነሳም መኪናው ቀድሟት ይገኛል። ልጆቿ ቆሎ በልተው አደሩ።

ሐጅ ሙሄ ዘንድ ሄዳ ነገረቻቸው። አላለቀሰችም። ስልቻዋን ከእግራቸው ሥር አስቀምጣ፣ «ሐጅ፣ ይህ ስንዴ ሳይፈጭ ከሰነበተ መነገጃዬን በልተን መጨረሳችን ነው» አለች። ከቤታቸው ዱቄት ሊሰጧት ቢሉም እምቢ አለች። ሰደቃ አልጠየቅሁም፣ የጠየቅሁት ተራ ነው አለቻቸው።

ሐጅ ሙሄ ነስሩን አስጠርተው ጆንያውን በየቀኑ ከፋፍሎ እንዲያመጣ ለመኑት። ነስሩ ጉልበታቸውን ስሞ በአደብ አዳመጠና፣ የማደርገው ነገር ሐራም ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። አይደለም አሉት። ደንብዎን ጥሻለሁ ወይ? አልጣስክም አሉት። ከዚያ እሱው መላ አመጣላቸው። ሁለተኛ ሞተር ልግዛ፣ ሽርክና እንግባ፣ የእርስዎ ስምና የእኔ ገንዘብ ከተባበሩ ይህችን ከተማ እንለውጣታለን አለ። ስለ ራእይም ብዙ ተናገረ። ጦይባ እስከዚያ ምን ትብላ ቢሉት፣ ትንሽ ሰብር ታድርግ፣ ትታገሥ አለ። እዚህ ቦታ ስደርስ ሁልጊዜ ደሜ ይፈላል። ሰብር ትልቅ ዒባዳ፣ ትልቅ አምልኮ ነው፤ ማን ካደ? ግን ምን ሆኖ ነው ሁልጊዜ ጠግቦ ያደረው ለተራበው የሚያዝዘው? ሐጅ ሙሄ ጥምጣማቸውን አውልቀው አራገፉ። ነስሩ ግን ስለ ሁለተኛው ሞተር ማውራቱን ቀጠለ።

የዚያ ሳምንት ጁምዓ ሙቀቱ የጉድ ነበር። መስጂዱ ሞልቶ የተረፈው ሰው ደጅ ላይ ፀሐይ ይቀቅለዋል። በመጀመሪያው ሰፍ የነስሩ ስጋጃ ብቻውን ተንጣሏል፤ ዓይነ ስውሩ ሸኽ ኑርዬ ደግሞ ከበር ውጭ፣ ጫማ መሃል ተቀምጠዋል። ሐጅ ሙሄ ይህን አዩ። ስጋጃውን ጠቅልለው ከግድግዳው ጋር አስደገፉትና፣ የሸኽ ኑርዬን እጅ ይዘው አስገብተው በቦታው አስቀመጧቸው።

ነስሩ ያን ዕለት የጁምዓው ስብከት፣ ኹጥባው፣ ሳይጀመር ደረሰ። ቦታውን አየ፣ ስጋጃውን አየ። አልጮኸም። ነገር ግን ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ «ሐጅ፣ በእርስዎ ወፍጮ ጆንያ ተራ ይይዛል። በአላህ ቤት ስጋጃ የማይይዘው ለምንድን ነው?» አለ።

ሐጅ ሙሄ ከሸኽ ኑርዬ አጠገብ ተቀመጡ። ሰዎች ጠጋ ጠጋ ብለው ለነስሩ ቦታ ለቀቁለትና ኹጥባው ተጀመረ። በኋላ ለወዳጆቻቸው ሲናገሩ፣ ከዚያ ኹጥባ አንድም ቃል አልሰማሁም ብለዋል። ሲያስቡ የነበሩት ጥያቄውን ነው። ገዢውን ያሳፈሩበት፣ ሃያ ሁለት ዓመት የተከበሩበት ደንብ፣ ዛሬ የጦይባን ልጆች የሚያስርበው እሱ ራሱ ነው። ደንቡን እንዳይተዉ መሐላ አለባቸው፤ እንዳይዙት ስልቻዋ ከዓይናቸው አልጠፋ አለ። ቃሉን ያጠፈ ሽማግሌ መባልም ቀላል ነገር አይደለም፤ በዚያ ዕድሜ ሰው ከስሙ ሌላ ምን አለው?

ሶላቱ እንዳበቃ ተነሥተው ቆሙ።

«ጀማዓ፣ ነስሩ የጠየቀው ትክክል ነው። ይህን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከነገ ጀምሮ በእኔ ወፍጮ ጆንያ ተራ አይይዝም። ተራ የሚይዘው ሰው ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ጆንያ። የመሐላዬን ማካካሻ፣ ከፋራውን፣ አወጣለሁ» አሉ።

ሰዉ አጉረመረመ። ዲናችን ግን ለዚህ በር ትቶለታል፤ በአንድ ነገር ምሎ ከዚያ የተሻለውን ያየ ሰው የተሻለውን ይሠራል፣ ለመሐላውም አሥር ምስኪን ያበላል። ሐጅ ሙሄ ይህን ቀድሞም ያውቁ ነበር። ያላወቁት፣ ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቁት መሐላ ከአላህ ይልቅ ለራሳቸው ኩራት ሲያገለግል መክረሙን ነው።

በማግስቱ ወፍጮ ቤቱን ሲከፍቱ ምን ቢያዩ ጥሩ ነው? አርባ የቀን ሠራተኞች፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጆንያ ከእግራቸው ሥር አድርገው በሰልፍ ቆመዋል። ነስሩ ቀጥሯቸው ነው። ለአንድ ሰው አንድ ጆንያ ተብሏላ! ሐጅ ሙሄ «ላ ሐውለ ወላ ቁወተ ኢላ ቢላህ» ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጥምጣማቸውን ለማራገፍ እንኳ አቅም አጡ። ከዚያም ምን ያድርጉ፣ ደንባቸው ነው፤ ተነሥተው ሞተሩን አስነሡ።

ጦይባ ስልቻዋን ይዛ መጥታ ከአርባው ኋላ ቆመች። ከፊቷ የነበረው ሠራተኛ ዞር ብሎ ስልቻዋን አየ፣ ፊቷንም አየ። ይህችን ለምንሽ ነው ብሎ ጠየቃት፤ ነገረችው። ትንሽ አሰበና «እለፊ እቴ» አላት። ከእሱ ፊት የነበረው ንግግራቸውን ሰምቶ ነበርና እሱም አሳለፋት። አንድ ሁለቱ ፊታቸውን ቋጠሩ፤ አሥር ሰው ያሳለፋትን ሴት ከልክሎ መቆም ግን አልሆነላቸውም። እንዲህ እያለች ወፍጮው አፍ ደረሰች። ከእሷ በኋላ የመጡት ሴቶችም በዚያው መንገድ አለፉ።

ረፋድ ላይ ነስሩ ሥራው የት እንደደረሰ ለማየት መጣ። ከአርባው የተፈጨው ሦስት ጆንያ ብቻ ነው። ማን አዘዛችሁ ብሎ ሠራተኞቹን ጠየቃቸው። በዕድሜ የሚበልጣቸው ሰው መለሰ።

«ማንም አላዘዘንም ጌታዬ። ከኋላችን ቆመው እያየናቸው እንዴት ብለን?»

ነስሩ ወደ ሐጅ ሙሄ ዞረ። ይህ እንደሚሆን ያውቁ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃቸው። አላውቅም ነበር አሉት፤ እውነትም አላወቁም። ቀጥለውም እንዲህ አሉት።

«ጆንያ አያፍርም፣ ነስሩ። ሰው ግን ያፍራል።»

በዚያ ሰሞን ሐጅ ሙሄ ለከፋራቸው አሥር ምስኪን አበሉ፤ ዳቦውን የጋገረችው ጦይባ ናት። ነስሩ አልቅሶ ተጸጸተ እንድላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ አልልም። በወራት ውስጥ የራሱን ወፍጮ አስተክሎ ከቀድሞው የበለጠ ሀብታም ሆነ። ስጋጃው ግን ከዚያ በኋላ ለጁምዓ ቀድሞት መጥቶ አያውቅም። እሱ ራሱ በጊዜ ይመጣ ነበር የሚሉ አሉ፤ በር አጠገብ ይሰግድ ነበር የሚሉም አሉ። እኔ አላህ ያውቃል ብዬ እተወዋለሁ።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ሰሞኑን የተጋበዝኩበት የወጣት ነጋዴዎች ስብሰባ ነው። አሠልጣኙ ግማሽ ቀን ሙሉ ሀብትና ሥልጣን እንዴት እንደሚያዝ አስተማረ። ዓላማ፣ ዓላማ እያለ አፉ ደረቀ። ሌላው ሳይነቃ ቦታ ያዙ አለ፤ ከኋላችሁ ማን እንደቆመ ዞር ብላችሁ እዩ ግን አላለም። ወጣቶቹም ይጽፋሉ። እኔ ወንበሬ ላይ ተቁነጠነጥኩ። ንግድ በዲናችን የተከበረ ሥራ ነው፤ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ነግደዋል። ሀብት ኒዕማ፣ የአላህ ጸጋ ነው። ጦይባም እኮ ነጋዴ ነበረች። ሐጅ ሙሄን ያስመረራቸው የነስሩ ሀብት አይደለም፤ ሀብቱን በራሱ ፈንታ አቁሞ እሱ መሄዱ ነው። እኛም ዛሬ ማኅተም እንልካለን፣ ስልክ እናስደውላለን፣ ዘበኛ እናቆማለን፤ ራሳችን ግን እዚያ ስለማንቆም የምናየው ፊት የለም። ሐያእ፣ ማፈር ማለት፣ ከኢማን ነው ተብለን ተምረናል። ፊት ሳያዩ ሐያእ ከየት ይመጣል?

ሰው ላይ ብቻ እንዳልፈርድ የራሴን ልንገራችሁ። ባለፈው ወር አንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነበረኝ። ለማውቀው ሰው ደወልኩ፣ በጓሮ በር አስገባኝ፣ በሩብ ሰዓት አለቀልኝ። ስወጣ ግን ተሳሳትኩና በዋናው በር ወጣሁ። ሰልፉ እስከ አጥር ደርሷል። መጨረሻ ላይ ወረቀቶቿን በፌስታል የያዘች አንዲት አሮጊት ተቀምጣለች። አሁን የመጣሁ መስሏት ጠጋ አለችልኝ።

«ና ልጄ፣ ከእኔ ኋላ ነህ» አለችኝ። «ፀሐዩ ከከበደህ ጥላ ሥር ሁን፣ ተራህን እኔ እይዝልሃለሁ።»

ጉዳዬ በጓሮ በር ማለቁን እያወቅሁ ፊቷን ማየት አፈርኩ። ያን ሐፍረት አላህ እንዳይወስድብኝ እለምነዋለሁ፤ ለእናንተም እንዲሰጣችሁ።