የሚዳቋዋ የድንጋይ ክብ

አንድ ጊዜ፣ አራት መንገዶች በሚገናኙበት ጫካ የሚኖሩ እንስሳት ትሕትና ያበዙ ነበር። መስቀለኛው መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ «ይቅደሙ!» «ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ!» ይባባላሉ። ከዚያ ሁለቱም እሺ ብለው እኩል ይነሡና ግንባር ለግንባር ይላተማሉ። የወደቀውን ደግሞ ከቁጥቋጦው ሥር ያደፈጠው አያ ጅቦ ጎትቶ ይወስደዋል።

በግና ጥጃ እንዲህ አለቁ። አህያም ጉልበቷ ቆስሎ ለጥቂት ስታመልጥ፣ ንጉሡ አንበሳ ጉባኤ ጠራ።

«ጌታዬ፣» አለ አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ፣ «እኔ መሃል ቆሜ ላሳልፋቸው። ደመወዝም አልፈልግ!»

«ምነው እንዲህ ደግ ሆንክ?» አለች አህያ።

«አንቺንማ ከሁሉ አስቀድሜ ነው የማሳልፍሽ፣ እት አህያ!»

አንበሳ በሐሳቡ ሊስማማ ራሱን ነቀነቀ። የአህያ ጆሮዎች ዘንበል አሉ።

ከሁሉ ኋላ የተቀመጠችው ሚዳቋ ይህን አየች። የተማረች ናት፤ ግን ዓይነ አፋር። ዛሬም ዝም ብትል ጓደኛዋ አህያ የጅብ ራት መሆኗ ነው። ተነሣች።

«ይቅርታ... ምስጢር አለኝ» አለች መሬት መሬት እያየች። «ጓሮዬ ውስጥ ድንጋይ ከምሬ፣ ከልጆቼ ጋር ሳንላተም ዙሪያውን ስንዞር ዓመታት አለፉ። ይስቁብኛል ብዬ ደበቅሁት። መስቀለኛው መሃል ክምር ይሁን፤ ሁሉም ክምሩን በግራው አድርጎ ይዙር። አስቀድሞ የገባው ይለፍ፣ የሚመጣው ይጠብቅ። ቁጥቋጦውም ይመንጠር፣ እንድንተያይ።»

«ሰርግ ነው እንዴ የምንዞረው!» ብሎ አያ ጅቦ ሳቀ።

አንበሳ ግን፣ «እስቲ ይሞከር» አለ።

ዝሆን ድንጋዩን ከመረ። ፍየሎች ቁጥቋጦውን በልተው ጨረሱት። ከዚያ ወዲህ እንስሳቱ ሁሉ ዞሩ፤ ማንም ከማንም አልተላተመም። አህያም እያነከሰች ገብታ በሰላም ወጣች።

መደበቂያውን ያጣው አያ ጅቦ ረሃብ ሲጠናበት፣ «ይህን ሁሉ ከምዞር!» ብሎ አህያን ሊይዝ በተቃራኒው አቅጣጫ ሮጠ። ክምሩን ሲታጠፍ በደንቡ ከሚዞረው አንበሳ ፊት ድርቅ አለ።

«ይ... ይቅደሙ፣ ጌታዬ!»

«እዚህ ይቅደሙ የለም!» አንበሳ በመዳፉ ቢያጮለው፣ አያ ጅቦ እየተንከባለለ ከአገር ወጣ።

እንስሳቱ ሚዳቋን ዝሆን ጀርባ ላይ አውጥተው ክምሩን በእልልታ ዞሩ። እሷ በኀፍረት ዓይኗን ጨፍና ትስቃለች።

«እውነትም ሰርግ ሆነ!» አለች አህያ።

ከዚህ የምንማረው፣ መንገደኛን ከአደጋ የሚያድነው ትሕትና ብቻ ሳይሆን በደንብ የታሰበበት መንገድ እንደሆነና የሌላውን ሕይወት የሚያተርፍ እውቀትም በዓይነ አፋርነት ተደብቆ መቅረት እንደሌለበት ነው።