ከትርንጎ ወንበር በታች

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት ማለት ለምዳችኋል። ዛሬ በረቱ ውስጥ የቆመችው ላም አይደለችም፤ ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ሆዷ ከመሬት ብዙም የማይርቅ አሮጌ ስፖርት መኪና ናት። ስለዚህ "የመኪና በረት" በሉኝና እንቀጥል።

ኮምቦልቻ ውስጥ ይመር የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከፍ ብሎ ተቀምጦ ስለነዳ፣ ምኞቱ አንድ ቀን ዝቅ ብሎ መንዳት ነበር። ሚስቱ ትርንጎ ደሴ ላይ ነርስ ናት። ጠዋት ዳገቱን ትወጣለች፣ ከሥራ ስትመለስ ቁልቁለቱን ትወርዳለች፤ በሚኒባስ ወረፋ እግሯ አለቀ። ይመር ቀይዋን መኪና ሲያይ በአንደኛው ወንበር ራሱን፣ በሌላው ትርንጎን አስቀምጦ አሰበ። ከዚያ በኋላማ እህል አልበላ አለው።

መኪናዋ የጋሽ አበጋዝ ናት። ጋሽ አበጋዝ በሰፈሩ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ይመር ትርንጎን ሲያጭ ሽማግሌ ሆነው የሄዱለትም እሳቸው ናቸው። አሁን ጉልበታቸው ከዝቅተኛ ወንበር አልነሳም ስላላቸው ሊሸጧት ነው። ገዢ እንዲያያት ብለው የመካኒኩ የሰይድ ጋራዥ አምጥተው አቆሟት።

ቀለሟ አዲስ ይመስላል፤ ያብለጨልጫል። ይመር ግን የጅቡቲን መንገድ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው፤ የባሕር ጨው ብረትን ከላይ ሳይሆን ከሥር እንደሚበላ ያውቃል። ይህቺ መኪና ደግሞ ኮምቦልቻ ከመምጣቷ በፊት ዓመታት ጨዋማ የባሕር ጠረፍ ላይ ቆማለች። በሩን በጣቱ አንኳኳ፤ ላሜራው ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠው። ወረድ ብሎ አንኳኳ፤ ድምፁ ታፈነ። ማግኔት አስጠጋ፤ ማግኔቱ አልይዝ ብሎ ወደቀ። እዚያ ጋ ያለው ብረት አይደለም፤ የዝገት ቀዳዳ የሚደፈንበት ስቱኮ ነው። ከበሩ ሥር እንዲህ ከሆነ፣ ከትርንጎ ወንበር ሥርስ? ወንበሩ የታሰረው ከወለሉ ጋር ነው። ወለሉ ካለቀ፣ ያንን ሁሉ ቁልቁለት ትርንጎ የምትወርደው ባዶ ላይ ተቀምጣ ነው። ስለዚህ ይመር አንዲት ትንሽ ነገር ፈለገ። ወለሉን ማየት።

ወለሉን "ታይልኝ" ቢለው፣ "እኔማ በታየሁ፤ ምንጣፉ ተነጥፎብኛል" አለ። ምንጣፉን "ተነስልኝ" ቢለው፣ "እኔማ በተነሳሁ፤ ወንበሩ ተቀምጦብኛል" አለ። ወንበሩ ከምንጣፉ አልወርድም አለ፣ ምንጣፉ ከወለሉ አልነሳም አለ፣ ወለሉም አልታይም አለ።

ወንበሩን ለመነው። "እኔማ በወረድኩ፤ ቡሎኑ እግሬን ይዞኛል" አለ። ቡሎኑ ወንበሩን አልለቅም አለ፣ ወንበሩ ከምንጣፉ አልወርድም አለ፣ ምንጣፉ ከወለሉ አልነሳም አለ፣ ወለሉም አልታይም አለ።

ቡሎኑን በጣቱ ሊያዞረው ሞከረ። የሾፌር ጣት ጠንካራ ነው፤ ቡሎኑ ግን ሳቀበት። "እኔማ በለቀቅኩ፤ መፍቻ ካልመጣ ለማንም አልዞርም" አለው። መፍቻው ቡሎኑን አልፈታም አለ፣ ቡሎኑ ወንበሩን አልለቅም አለ፣ ወንበሩ ከምንጣፉ አልወርድም አለ፣ ምንጣፉ ከወለሉ አልነሳም አለ፣ ወለሉም አልታይም አለ።

መፍቻው ምን ያድርግ? "እኔማ በፈታሁ፤ ሰይድ ሳጥን ውስጥ ቆልፎብኛል" አለ። ይመር ወደ ሰይድ ሄደ።

"ወንድሜ ሰይድ፣ ሳጥኑን ክፈትልኝ።"

"እኔማ በከፈትኩ" አለ ሰይድ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። "ግን የሰው መኪና ባለቤቱ ሳያዘኝ አልነካም። ጋሼ ይዘዙኝና አሁኑኑ።"

ሰይድ ሳጥኑን አልከፍትም አለ፣ መፍቻው ቡሎኑን አልፈታም አለ፣ ቡሎኑ ወንበሩን አልለቅም አለ፣ ወንበሩ ከምንጣፉ አልወርድም አለ፣ ምንጣፉ ከወለሉ አልነሳም አለ፣ ወለሉም አልታይም አለ።

ጋሽ አበጋዝ ጥላ ሥር፣ ያረጀ ጎማ ላይ ተቀምጠዋል። ሁሉንም ሰምተዋል፤ ጆሯቸው ደህና ነው። በልባቸው ግን፣ "እኔማ ባዘዝኩ፤ ገዢው አፍ አውጥቶ ሳይጠይቀኝ ፈትሹ ብል የገዛ መኪናዬን ማማት ይሆንብኛል" አሉ። እና ጠበቁ። ጋሽ አበጋዝ ሰይድን አላዝዝም አሉ፣ ሰይድ ሳጥኑን አልከፍትም አለ፣ መፍቻው ቡሎኑን አልፈታም አለ፣ ቡሎኑ ወንበሩን አልለቅም አለ፣ ወንበሩ ከምንጣፉ አልወርድም አለ፣ ምንጣፉ ከወለሉ አልነሳም አለ፣ ወለሉም አልታይም አለ።

እንግዲህ የቀረው መጠየቅ ብቻ ነው። መጠየቅ ደግሞ ምን አለው? ይመር ተጠጋ፣ አንገቱን ሰበር አደረገ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጋሼ... ጉልበትዎ እንዴት ነው?"

"ተመስገን፣ ዛሬ ሻል ብሎኛል። መኪናዋስ እንዴት ሆነችልህ?"

"ቆንጆ ናት፣ ጋሼ።"

"የምትጠይቀኝ ነገር አለ?"

"ምን ጠፍቶ፣ ጋሼ። የእርስዎ ነገር።"

አያችሁልኝ? ሲመለስ ራሱን ይረግማል። "እኔማ በጠየቅኩ፤ ይሉኝታ አፌን ያዘኝ። ትርንጎን ያመጡልኝን ሰው ምንጣፍዎን ላንሳ ልበል?" ይሉኝታ ይመርን አልለቅም አለ፣ ይመር ጋሽ አበጋዝን አልጠይቅም አለ፣ ጋሽ አበጋዝ ሰይድን አላዝዝም አሉ፣ ሰይድ ሳጥኑን አልከፍትም አለ፣ መፍቻው ቡሎኑን አልፈታም አለ፣ ቡሎኑ ወንበሩን አልለቅም አለ፣ ወንበሩ ከምንጣፉ አልወርድም አለ፣ ምንጣፉ ከወለሉ አልነሳም አለ፣ ወለሉም አልታይም አለ።

ይሉኝታን ቢለምነው እንደ ሌሎቹ "እኔማ" እንኳን አላለውም። ይሉኝታ ምክንያት የለውም፤ ይይዛል፣ በቃ። ይመርም ደከመው። "እንደው በደፈናው ልግዛት" ብሎ፣ ግዢውን በመጨባበጥ ሊቋጭ ወደ ጋሽ አበጋዝ መራመድ ጀመረ።

ይሄኔ ትርንጎ ከሥራ መጣች። ቀይዋን መኪና ስታይ ደስ አላትና በሩን ከፍታ ልትቀመጥ ጎንበስ አለች።

"ቆዪ፣ አትቀመጪ" አለ ይመር።

"ምነው?"

ይመር ጎትቶ ወደ ዳር ወሰዳትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። ይሉኝታ እንዴት እንደያዘው፣ እሱ ጋሽ አበጋዝን እንዴት እንዳልጠየቀ፣ ጋሽ አበጋዝ ሰይድን፣ ሰይድ ሳጥኑን፣ መፍቻው ቡሎኑን፣ ቡሎኑ ወንበሩን፣ ወንበሩ ምንጣፉን፣ ምንጣፉ ወለሉን። ትርንጎ እስኪጨርስ ሰማችው።

"መኪናዋ ስንት ወንበር አላት?"

"ሁለት።"

"አንዱ የማነው?"

"የኔ፣ የሾፌሩ።"

"ሌላውስ?"

"ያንቺ ነዋ።"

"አይደለም። እስካሁን እንደሰማሁት ሌላው የይሉኝታህ ነው። እኔና እሱ አንድ ወንበር ላይ አንበቃም፤ ማንን እንደምትጭን አሁን ምረጥ።"

ይመር ሚስቱን አየ። ከዚያ ወንበሩን አየ። ይሉኝታም ይመርን ለቀቀ።

"ጋሼ፣ አይቀየሙኝ" አለ ይመር። "ከዚህ ወንበር ሥር ያለውን ወለል ማየት እፈልጋለሁ። ትርንጎ የምትቀመጥበት ነው።"

ጋሽ አበጋዝ ረጅም ትንፋሽ ለቀቁ። "ተባረክ። እኔም ስገዛት ምንጣፉን አላነሳሁም። የሸጠልኝ ሰውዬ ቤቱ ወስዶ ምሳ አበላኝ። በበላሁበት አፍ ወለልህን አሳየኝ ልበለው? ይኸው እስከ ዛሬ ሥሯን ሳላውቅ ነዳኋት። የማላውቀውን ደግሞ ምን ብዬ ልንገርህ። የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነበር።"

ከዚያማ ምን አለፋችሁ! ጋሽ አበጋዝ ሰይድን አዘዙ፣ ሰይድ ሳጥኑን ከፈተ፣ መፍቻው ቡሎኑን ፈታ፣ ቡሎኑ ወንበሩን ለቀቀ፣ ወንበሩ ከምንጣፉ ወረደ፣ ምንጣፉ ከወለሉ ተነሳ፣ ወለሉም ታየ።

ታየ ስላችሁ፣ ወለል የሚባል ነገር አልነበረም። ሰይድ በአውራ ጣቱ ጫን ቢያደርገው ቡናማ ቅርፊት ሆኖ ረገፈ፤ በቀዳዳው የጋራዡ ጠጠር ታየ። ወንበሩ የኖረው ከዝገት ቅርፊት ጋር ታስሮ ነው።

"አልሐምዱሊላህ" አለ ሰይድ፣ ቀስ ብሎ።

ጋሽ አበጋዝ ጎንበስ ብለው በቀዳዳው ጠጠሩን አዩ። "ዘውድነሽን እዚህ ላይ አስቀምጬ ነው የማመላልሳት" አሉ። ዘውድነሽ ሚስታቸው ናት። "እኔ ሳላይ አምላክ ሲያይልኝ ኖሯል። ትርንጎ፣ እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ። እድሜ ይስጥሽ።" ትርንጎ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ከለከሏትና ግንባሯን ሳሟት። ይመር ደግሞ ማንን ቀድሞ እንደሚያመሰግን ጠፋው። ሚስቱን አመሰገነ፣ ሽማግሌውን አመሰገነ፣ ሰይድን አመሰገነ፤ ያንን ቁልቁለት ያላስጀመረውን ፈጣሪ ደግሞ ደጋግሞ አመሰገነ።

ጋሽ አበጋዝ "ሳትታከም አልሸጣትም" አሉ። ሰይድ ስቱኮውን ፈቅፍቆ አነሳ፣ የበሰበሰውን ቆርጦ ጣለ፣ የቀረውን የብረት አጥንቷን አንድ በአንድ እየመታ ፈተሸ፤ ደህና ነው። ከዚያ አዲስ ላሜራ በየደና ወንበሩን መልሶ አሰረ።

በተረከቡ ቀን ትርንጎ ገባች። ምንጣፉ ገና አልተነጠፈም። ሁለት እግሯን ባዶው ብረት ላይ አሳረፈች፤ መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ከዚያ ባላት ኃይል ሁሉ ረገጠችው። ወለሉም ቻላት።

ተረቴ እዚህ ደረሰ። ዳቦውን ለእኔ ሳይሆን ለትርንጎ ስጡልኝ።