ቀይ ክር የገባበት ጋቢ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ስልክ በየኪሱ በገባበት በዚሁ በእኛ ወቅት፣ ደባርቅ ከተማ ውስጥ ሻይ የሚሸጡ ሦስት የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። ሱቅ የላቸውም። የሚሸጡት በቴሌግራም ነው። ትልቁ ጥጋቡ ጦስኙን ከተራራ ያመጣል፣ ያደርቃል፣ ከሻይ ቅጠል ጋር ያዋህዳል። መካከለኛው ማንደፍሮ እሽጉን መኪና ላይ ይጭናል፣ መኪና የማይገባበትን በእግሩ ያደርሳል። ትንሿ ስንዱ ደግሞ እሽጉን ታስራለች፣ ስልኩንም ትይዛለች።

ለእነዚህ ሦስት ሰዎች አንድ ቀን አንድ ጋቢ መጣላቸው። አንድ ብቻ። ስንዱ ጋቢውን ስታየው ልቧ ዘለለ፣ ምክንያቱም የአምስት ወር ልጅ አላት፣ የደባርቅ ብርድ ደግሞ የልጅቷን ደረት ከያዘ አልለቅ ብሏል። ግን ጋቢው ለማን ነው? እሱን ለማወቅ እንዴት እንደመጣ መስማት ያስፈልጋል።

ስንዱ ስልኩን ትያዝ እንጂ ማንበብ ይከብዳታል። ፊደሉን ለይታ ታውቃለች፣ ግን አንድ መስመር እስክትጨርስ ልጅቷ ሁለት ጊዜ ታለቅሳለች። ስለዚህ ደንበኛው በጽሑፍ ሲያዝ እሷ በድምፅ ትመልሳለች። «እንዴት አደሩ? ሻይዎ ዛሬ ወጥቷል። ሾፌሩ ቀይ ኮፍያ ያደረገው ነው፣ እንዳያመልጥዎ።» እሽጎቹንም የምትለየው በክር ነው። ቀይ ክር የታሰረበት ጦስኝ፣ ቢጫ ክር የታሰረበት ዝንጅብል። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ተሳስታ አታውቅም ነበር።

ከደንበኞቹ ሁሉ የቆዩት እማማ የውብዳር ናቸው። ተወልደው ያደጉት ደባርቅ ነው። ኋላ ልጃቸውን ተከትለው ሊማሊሞን ወርደው አዲ አርቃይ ገቡ፣ እዚያም ጥጥ እየፈተሉ ይኖራሉ። ቆላ ቢወርዱም አፋቸው የደጋ ጦስኝ እንደለመደ ቀረ። በየወሩ ያዛሉ፣ ሲያዙም አንድ ነገር ይደግማሉ፤ «ዝንጅብል እንዳይነካብኝ አደራ። ጨጓራዬን ያነደዋል።» የሚቀምሱት ሻይ ጥሩ ከሆነ ለጎረቤት ያወራሉ፣ ጎረቤትም ያዛል። ከሻዩ ገዢዎች ግማሾቹ የመጡት በእማማ የውብዳር አፍ ነው።

በዚያ ክረምት የስንዱ ባል ለሰሊጥ ሥራ ሁመራ ወርዶ ነበር። የልጅቷ ክርስትና ቀን ደረሰ። ጠዋት ሊወጡ ሲሉ ለማተብ የሚሆን ክር ቤት ውስጥ ታጣ። ስንዱ ወደ ሻዩ ቅርጫት ሄደች፣ ቀዩን ክር አነሳች፣ ገመደችው። ልጅቷ ቀይ ማተብ አሰረች፣ ስሟም ሶስና ተባለ። ቀዩ ክር ግን እዚያው አለቀ።

ገበያ እስኪቆም ስንዱ ለራሷ አንድ ዘዴ አወጣች። ቢጫውን ክር አንድ ጊዜ ከቋጠረችው ዝንጅብል፣ ሁለት ጊዜ ከቋጠረችው ጦስኝ ይሁን አለች። ለማንም አልነገረችም። በዚያ ሳምንት ሶስና ሳል ይዟት ሦስት ሌሊት እናቷን አላስተኛችም። በአራተኛው ቀን ስንዱ እሽጎቹን አሰረች፣ ማንደፍሮ ጫናቸው፣ ሄዱ።

ሐምሌ አሥራ ሦስት ቀን ስንዱ ልጇን እያጠበች ነበር። ማተቡ ውሃ ነክቶት ቅላቱ ቦግ አለ። ቀዩን ስታይ ክሩ ትዝ አላት፣ ክሩ ቋጠሮውን አስታወሳት። «አንድ ነው ወይስ ሁለት ያልሁት?» አለች ለራሷ። ልጅቷን ጠቅልላ አስቀመጠችና ቅርጫቱ ውስጥ የቀረውን ባለ ሁለት ቋጠሮ እሽግ ፈታችው። የዝንጅብል ሽታ ፊቷ ላይ ወጣ።

«ወንድምዓለም» አለች ጥጋቡን ጠርታ፣ «እማማ የውብዳር ዘንድ የሄደው ዝንጅብል ነው።»

ማንደፍሮ ቀድሞ መለሰ። «ዝም በይ። ሲያሸቱት ያውቁታል። ከጠየቁ ያኔ ይቅርታ እንላለን።»

ጥጋቡም ተጨነቀ። «ያ አዲሱ ሻይ ሻጭ እማማ ደጃፍ ላይ ቆሟል እኮ። ባለ ወርቅ ቀለም ቆርቆሮ ይዞ፣ ሦስት ለገዛ አንድ በነፃ እያለ። አሁን እኛው ራሳችን ተሳሳትን ካልን ሂዱ ማለታችን ነው።»

ስንዱ ሁለቱንም ሰማቻቸው። ቢሆንም ስልኩን አነሳች፣ የድምፁን ምልክት ተጫነች፣ ተናገረች። «እማማ፣ ስንዱ ነኝ። የላክሁልዎትን እንዳይጠጡት፣ ዝንጅብል ነው። ቀዩን ክር ለልጄ ማተብ አድርጌው ሌላ ክር አሰርሁበት፣ ከዚያ ተምታታብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የወንድሞቼ አይደለም።»

ጣቷን ስታነሳ መልእክቱ ሄደ። ማንደፍሮ ጭንቅላቱን ያዘ።

መልሱ የመጣው ከምሳ በኋላ ነው። የእማማ የውብዳር ድምፅ ደከም ብሏል። «ስንዱዬ፣ ጉንፋን አፍንጫዬን ዘግቶት አንድ ስኒ ጠጥቼዋለሁ። ሁለት ቀን ሆዴን ይዤ ተኛሁ። በስተጀርባሽ ልጅቷ ስትስል ስለምሰማ፣ ይቺ እናት እንቅልፍ የላትም ብዬ ዝም አልሁ። ሳሏ ቆመ ወይ? እንግዲህ ስሚኝ። ሐምሌ ገብርኤል ማኅበሩ እኔ ቤት ነው። አሥራ ሁለት ሰው የእኔን የጦስኝ ሻይ ብሎ ይመጣል። እስከዚያ ከደረሰልኝ እሰየው። ካልደረሰልኝ የልጅ ልጄ ከባለ ቆርቆሮው ታዝልኛለች። አንዴ ከሄድሁ ደግሞ ሄድሁ ነው፣ ወዲያ ወዲህ ማለት አልወድም። አትቀየሚኝ።»

ገብርኤል ሊደርስ ስድስት ቀን ቀርቶታል። ቤት ውስጥ ግን ደረቅ ጦስኝ የሚባል አልነበረም። የመጨረሻው እሽግ በዚያው የቋጠሮ ስህተት ዝንጅብል ላዘዙ አንድ የጎንደር ሰው ሄዶ፣ ሰውየው ምንም ሳይሉ ጠጥተው ጨርሰውታል።

ማንደፍሮ «ገበያ ላይ ያምናው ሞልቷል፣ ገዝተን እንላክ። ማን ያውቃል?» አለ። ሮጦ ሄዶም አንድ እፍኝ አመጣ። ጥጋቡ በመዳፉ አሸው፣ አሸተተው፣ መለሰለት።

«ይሄ የበቅሎ ራት ነው» አለ።

ማጭዱንና ጆንያውን ይዞ ወጣ። ዝናብ ነው፣ ጉም ነው፣ ሰው እጁን ዘርግቶ ጣቱን አያይም። ጥጋቡ ሽታውን ተከትሎ ተራራው ላይ ጫፍ ጫፉን ብቻ እያጨደ ውሎ ተመለሰ። አሁን ደግሞ ማድረቁ መጣ። ፀሐይ የለም። እሳት ላይ ቢያደርጉት ጭስ ጭስ ይላል፣ እማማ የውብዳር ደግሞ ጭስ ያለበትን ከአፋቸው ሳያደርሱ ያውቁታል። ጥጋቡ የራሱን አልጋ ፍራሽ አነሳ። ሽቦው ላይ ንጹሕ አንሶላ ዘረጋ፣ ጦስኙን በተነበት። ድንጋይ እያጋለ፣ አመዱን እየጠረገ ከአልጋው ሥር ይደረድራል። ሲቀዘቅዝ ይለውጣል። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። እሱ መሬት ተኛ፣ መዳፉ ውሃ ቋጠረ።

ጎረቤታቸው በበሩ አንገቷን አስግጋ «ይሄ ሁሉ ለአንዲት ሴትዮ ነው?» ብላ ሳቀች።

«አንዲቷ ሴትዮ ምላስ አላቸው» አለ ጥጋቡ፣ ቀና ሳይል።

ማንደፍሮ ከገበያ አንድ ጥቅል ቀይ ክር ገዝቶ ስንዱ ጭን ላይ ጣለላት። «እንቺ። ሌላ ልጅ ስትወልጂ አስቀድመሽ ንገሪን።» ስንዱ ሳትወድ ሳቀች። እሽጉን በቀዩ አሰረች።

ማንደፍሮ ሐምሌ አሥራ ስምንት ማለዳ ይዞት ወጣ። ሊማሊሞ ጫፍ ሲደርስ መኪናው ሁሉ ተሰልፎ ቆሟል። ታች መንገዱ ላይ ናዳ ወርዷል። ሾፌሮቹ ቆሎ እየቆረጠሙ ይጫወታሉ።

«መቼ ይከፈታል?» አለ ማንደፍሮ።

«ነገ፣ ከነገ ወዲያ። ምን ይዘሃል?»

«ሻይ።»

«ሻይ ነው? እኔ ደግሞ በሽተኛ የያዝህ መስሎኝ» አለ አንዱ። ሁሉም ሳቁ።

ለአንዱ አደራ ሰጥቶ መመለስ ይችል ነበር። ሁሌም የሚያደርገው እንደዚያ ነው። አሁን ግን እሽጉን በላስቲክ ጠቅልሎ ሸሚዙ ውስጥ ደረቱ ላይ አሰረው። መኪና ሳይመጣ በፊት ሰው ይሄድበት የነበረውን የእግር መንገድ ያዘ። ገደሉን በእጁም በእግሩም ወረደ። አንዱን ጅረት ሲሻገር ድንጋይ ከዳው፣ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። ውሃው ወገቡ ድረስ አረጠበው፣ ደረቱን ግን አልነካም። ማታ አንድ መንደር አደረ። በገብርኤል ሌሊት ከናዳው በታች መኪና አግኝቶ፣ ጠዋት እያነከሰ እማማ የውብዳር ደጃፍ ቆመ።

ማንቆርቆሪያው ተጥዷል። ባለ ወርቅ ቀለሙ ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ገና አልተከፈተም።

«ማን ልበል?» አሉ እማማ።

«ማንደፍሮ ነኝ፣ የስንዱ ወንድም።»

እርጥብ ልብሱን አዩ፣ እግሩን አዩ። «እኔ እናንተን ድምፅ ብቻ ትመስሉኝ ነበር። ለካ እግርም አላችሁ» አሉ። ሻዩ ፈላ። ቀመሱት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ «ይሄን ያደረቀ እጅ ይባረክ» አሉ። ቆርቆሮው እንደተዘጋ ለልጅ ልጃቸው ተመለሰ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል በሾፌር እጅ አንድ ጋቢ ደባርቅ መጣ። ራሳቸው የፈተሉት ነው፣ ወፍራም፣ ለስላሳ። ጠርዙ ላይ ቀጭን ቀይ ጥለት አለው። ስንዱ ቀረብ ብላ ስታየው ጥለቱ በየስንዝሩ ቋጠሮ ቋጠሮ ይላል። እማማ የውብዳር በሦስት ዓመት ከእያንዳንዱ እሽግ የፈቱትን ቀይ ክር አስቀምጠው፣ ቀጣጥለው፣ ለሸማኔው ሰጥተውት ኖሯል። አብሮም ድምፃቸው መጣ።

«ጋቢው ለአንዳችሁ ነው፣ ለሦስት አይቀደድም። በዚያ ገብርኤል ልሄድ ነበር፣ አልሄድሁም። እንድቀር ላደረገኝ ሰው ስጡልኝ። ማን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።»

ሦስቱ ጋቢውን መሃል አድርገው ተቀመጡ።

«ሰው ሻይ የሚገዛው ሊጠጣው ነው» አለ ጥጋቡ። «የገበያውን ብልክ ኖሮ አንድ ጊዜ ቀምሰው ቆርቆሮውን ይከፍቱ ነበር። ቀይ ማለት እዚህ ቤት ጦስኝ ማለት ነው፣ ጦስኙ ደግሞ የእኔ ነው።»

«ያንተ ጦስኝ ሊማሊሞ ላይ ቢያድር ሾፌሮቹ ከቆሏቸው ጋር ይጠጡት ነበር» አለ ማንደፍሮ፣ እግሩን ዘርግቶ። «በማግስቱ ቢደርስ ምን ይጠቅማል? ክሩንስ ሁሉ መኪና ላይ እየጫነ የላከላቸው ማን ነው?»

ስንዱ ጣቷን በጥለቱ ቋጠሮዎች ላይ አሳለፈች።

«አንቺስ?» አላት ጥጋቡ።

«እሷማ ጥፋቱን ያመጣች ናት» አለ ማንደፍሮ ፈገግ ብሎ። «የሰበረ ይሸለማል እንዴ?» ቀልዱን ነው፣ ለስንዱ ግን ልቧ ላይ ቀረ። እውነቱን ነው ብላ አሰበች። እሷ ባትሳሳት እማማ ባልታመሙ፣ ወንድሟ መዳፉ ባልተቃጠለ፣ ሌላው ባላነከሰ። ደግሞ አሰበች። እሷ በዚያ ቀን ባትናገር እማማ ዝም እንዳሉ ይሄዱ ነበር፣ እነሱም ለምን እንደሄዱ ሳያውቁ ይቀሩ ነበር። ከአፏ ግን የወጣው «ቀዩን ክር ሁሉ ያሰርሁት እኔ ነኝ» የሚል ብቻ ነው፣ እሱንም ቀስ ብላ።

ክርክሩ ሲበዛ ለእማማ ደወሉ። እማማ ሳቁ። «እሱን እኔ ከነገርኋችሁማ ፈተናው ምኑ ላይ ነው?» ብለው ስለ ሶስና ሳል ጠይቀው ዘጉ።

በዚያው ሶስና ሳለች። ረጅም፣ ደረቅ ሳል። ሁለቱ ወንድማማቾች ተያዩ። ጥጋቡ ጋቢውን አንስቶ ለእህቱ ዘረጋላት። «በቃ፣ ለልጅቷ ይሁን። ብርዱ ገና ነው።» ማንደፍሮም «እኔም ትቻለሁ» አለ።

የስንዱ እጅ ለመቀበል ሄደ፣ መንገድ ላይ ቆመ። ጋቢውን ከማንም በላይ ትፈልገዋለች። ልጇን ጠቅልላበት ስታስተኛት ስንት ጊዜ በሐሳቧ አይታዋለች። «አይ ወንድምዓለም» አለች። «ስላዘናችሁልኝ አልወስደውም። እማማ ለታመመ ስጡልኝ አላሉም። እንድቀር ላደረገኝ ነው ያሉት። እኔ ከሆንሁ አንቺ ነሽ በሉኝና እወስደዋለሁ። ካልሆንሁ ለሆነው ይሰጥ።»

ወንድሞቿ አንቺ ነሽ ለማለትም፣ አይደለሽም ለማለትም አፋቸው እንቢ አለ። ጋቢው ታጥፎ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። አሁንም እዚያው ነው። ሶስና መዳህ ጀምራለች፣ እየዳኸች ሳጥኑ ሥር ትደርስና ቀዩን ጠርዝ በእጇ ትይዛለች። በአንገቷ ያለው ቀይና በጠርዙ ያለው ቀይ ከአንድ ጥቅል ናቸው። ስንዱ እጇን ቀስ ብላ ታስለቅቃታለች፣ በነጠላዋም ትሸፍናታለች። ጥቅምት ደግሞ እየመጣ ነው።

እንግዲህ የሰማችሁ ሁሉ ተነጋገሩበት። አንዷ ተሳስታ ነበር፣ ግን ስህተቷን በራሷ አፍ ተናገረች። አንዱ አልጋውን ለቆ ሻዩን ሻይ አደረገው። አንዱ ገደል ወርዶ በቀኑ አደረሰው። እማማ የውብዳር ያልሄዱት በማን ነው? ጋቢውን ከሳጥኑ አንስታችሁ በማን ትከሻ ላይ ትጥሉታላችሁ?