አያ ጅቦና የድልድዩ ሰርተፊኬት

አንድ ጊዜ፣ አህያና ጅብ በአንድ ጥላ ሥር እንዲውሉ አዋጅ በወጣበት ዓመት፣ ጉርምርሚት በምትባል ወንዝ አጠገብ የሚኖሩ አራዊት ነበሩ። አህያና ጅብ እንዴት አብረው ዋሉ ትሉኝ ይሆናል፤ አትቸኩሉ፣ እደርስበታለሁ።

ቤታቸው ከወንዙ ወዲህ ነው፤ ለምለሙ ሣር ግን ከወንዙ ወዲያ ነው። ጉርምርሚት በበጋ ቁርጭምጭሚት እንኳ አትደርስም። ሐምሌ ሲገባ ግን ዛፍ ከነሥሩ ነቅላ ትሄዳለች። ወዲህ ያለው ሣር ደግሞ ግንቦት ላይ ስለሚያልቅ፣ የራበው ሁሉ ነፍሱን ለፈጣሪው ሰጥቶ ይሻገራል።

ባለፈው ሐምሌ ወንዟ የእትዬ ዳለቻን ውርንጭላ ወሰደችባት። እትዬ ዳለቻ ግራጫ አህያ ናት፤ ሥራ የማትሰለች፣ ጥያቄ የምታበዛ። ውርንጭላዋ ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለቻት ነበር፤ ዞር ስትል የለችም። ዘንድሮ እንደገና አርግዛለች፤ የምትወልደውም ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ታዲያ በየቀኑ ወንዟ ዳር ቆማ «ይሄኛውስ እንዴት ይሻገራል?» እያለች ታስብ ነበር።

በሚያዝያ ንጉሡ አያ አንበሶ ሸንጎ ጠራ።

«ክረምት ሳይገባ ድልድይ ይሠራ! ክረምቱ እስኪያልፍ ድረስ አውሬ አውሬን፣ ጅብም አህያን እንዳይበላ!» ብሎ አወጀ።

አያ ጅቦ እትዬ ዳለቻን ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ ተመለከታት፤ ምራቁን ዋጠና «እሺ ጃንሆይ» አለ።

«ሥራውን ማን ይምራው?» አለ አያ አንበሶ።

ይኼኔ እመት ቀበሮ ጭራዋን አስተካክላ ብድግ አለች። «ጃንሆይ፣ በዚህ ዘመን ሥራ ዝም ብሎ አይመራም። ፕሮጀክት ነው የሚባለው። ፕሮጀክት የሚመራ ደግሞ ሠልጥኖ ሰርተፊኬት መያዝ አለበት። አሠልጣኟ እኔ ነኝ።»

አያ አንበሶ ሰርተፊኬት የሚባል ነገር በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም። ግን ንጉሥ አይደል? «እርግጥ ነው! ያለ ሰርተፊኬትማ እንዴት ተደርጎ!» አለ።

እትዬ ዳለቻ ጆሮዎቿን አቁማ «ሰርተፊኬት ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች።

ሸንጎው በሳቅ አውካካ። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው አያ አንበሶ ነበር።

«ሥልጠናው አምስት ቀን ነው፤ መመዝገቢያው ሁለት ዶሮ» አለች እመት ቀበሮ። ዶሮ አዋጁ ላይ ስሟ አልተጠራም፤ አዋጁን ማን እንዳረቀቀው እንግዲህ እናንተው ገምቱ።

«እኔ ሣር በል ነኝ፤ ዶሮ ከየት አመጣለሁ?» አለች እትዬ ዳለቻ።

«እንግዲያው ለሠልጣኞች ውሃ ትቀጃለሽ።»

አያ አንበሶም ለጋስነቱ ይታይለት ብሎ «ለሠልጣኝ አበል በቀን አንድ አጥንት ከግምጃ ቤቴ ይሰጥ» ሲል ጨመረበት። አያ ጅቦ ሥልጠና የሚበላ ይሁን የሚጠጣ አያውቅም፤ አበል የሚለውን ሲሰማ ግን ልቡ ከእግሩ ቀድማ ተመዘገበች። ሌሎቹ ዶሮ አጥተው ቀሩ። አያ ጅቦ አራት ዶሮ ይዞ ተነሣና ሁለቱን መንገድ ላይ ቀማመሰ፤ በቀሩት ሁለቱ ተመዘገበ።

ሥልጠናው ሾላ ዛፍ ሥር ተጀመረ። አያ ጅቦ ጠዋት ይመጣል፤ መገኘቱን ለማስመስከር መዳፉን ጭቃ ላይ ያትማል፤ ከዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ያንኮራፋል። ምሳ ሲደርስ ይነቃል። አበሉን ቆርጥሞ «ዛሬ ትምህርቱ ጥልቅ ነበር» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እመት ቀበሮ ግን ማስተማሯን አላቋረጠችም። ወዳ እንዳይመስላችሁ! የአያ አንበሶ ዋሻ ኮረብታው ላይ ስለሆነ ከዚያ ሆኖ ያያታል። ስለዚህ ዛፉን ታስተምር ነበር።

ያን ጊዜ ነው እንግዲህ እትዬ ዳለቻ ውሃዋን ጭና ስትደርስ ቆማ መስማት የጀመረችው።

«ማንኛውም ፕሮጀክት አምስት ጥያቄ አለው» ትላለች ቀበሮ ለሾላው። «አንደኛ፣ የምንሠራው ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ለማን ነው? ሦስተኛ፣ ምን ይቅደም? አራተኛ፣ ማን ምን ይሥራ? አምስተኛ፣ እንዳሰብነው ባይሆንስ?»

«እመት ቀበሮ፣ ይሄን ሁሉ ከየት ተማርሽው?» አለች እትዬ ዳለቻ።

ቀበሮ ዙሪያዋን ቃኘችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የመንገድ ሠሪዎቹ ካምፕ ትዝ ይልሻል? ሦስት ዓመት ሙሉ ፍርፋሪ ለመልቀም ከወለላቸው ሥር እየገባሁ እተኛ ነበር። አለቆቻቸው ማታ ማታ ስለዚህ ነው የሚጨቃጨቁት። በቃሌ ያዝኩት።»

«ገብቶሻል?»

«መግባቱ ምን ያደርግልኛል? ዶሮ ያመጣል እኮ!»

እትዬ ዳለቻ በዚህ አልረካችም። በማግሥቱ መጣችና «ግን ምን ይቅደም ሲሉ፣ እንዴት ነው የሚያውቁት?» ብላ ጠየቀች። ቀበሮ ተሰላችታ «ያለ እሱ ሌላው የማይቆም ነገር ነው የሚቀድመው፤ ሂጂ ውሃሽን ቅጂ» አለቻት። በሦስተኛው ቀን «ለማን ሲሉ ለሚያዘው ነው ወይስ ለሚሻገረው?» አለች። ቀበሮ «ነገ» አለቻት። ማታ ማታ ከሥራ ስትመለስ እትዬ ዳለቻ ወንዙ ዳር ጠጠር እየደረደረች፣ እየናደች፣ መልሳ እየደረደረች ታመሽ ነበር። ነገሩ እንደ እከክ ያዛት፤ ባከከችው ቁጥር ይብስባታል።

በአምስተኛው ቀን ፈተና ሆነ።

«ሠልጣኝ አያ ጅቦ፣ ድልድይ ሲሠራ ምን ይቀድማል?»

«ምሳ» አለ አያ ጅቦ ሳያቅማማ።

እመት ቀበሮ ሁለቱን ዶሮዎች አስታወሰችና «አልፈሃል» አለችው። በፍየል ቁርበት ላይ በጥፍሯ ጫጭራ ሰርተፊኬቱን ሰጠችው። አያ ጅቦ ቁርበቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አሸተተው። ያየው ሁሉ ለትምህርት ያለው ፍቅር ነው ብሎ አደነቀ።

ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። እዚህ ግን የባሰ ሆነ፤ በሚያውቁት አገር ቁርበት አስጠበቁት። አያ አንበሶ ለእንጨቱ ማሰሪያ የሚሆን ጠፍር እንዲወጣለት አሥር የበሬ ቆዳ ከግምጃ ቤቱ አውጥቶ ለሥራ መሪው አስረከበው። ሰርተፊኬት አለዋ!

አያ ጅቦም ሰርተፊኬቱን ዛፍ ላይ ሰቅሎ ሥራ አስጀመረ። ጉድጓድ በመቆፈር የታወቀው ከርከሮ «ምሰሶው የት ይተከል?» አለው።

«ምን ምሰሶ? ድልድይ የሚረገጠው ከላይ አይደል? ከላይ ጀምሩ!»

ከርከሮና ዝንጀሮ ተያዩ። እትዬ ዳለቻ «አያ ጅቦ፣ ከላይ ያለው ምን ላይ ይቆማል?» ብትለው፣ ጣቱን ወደ ዛፉ ቀስሮ «አንቺ ሰርተፊኬት አለሽ?» አላት። ዝም አለች። እኔ ብሆን ዝም አልልም ነበር፤ ግን በጅብ ፊት የሚናገር አህያ መሆን ቀላል አይደለም። የአህያ ባል እንኳ ከጅብ አያስጥልም።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ጣውላውን ወንዙ ላይ ከመሩት። በግንቦት መጨረሻ አንድ ከሰዓት ዝናብ ጣለ። የከበደ ዝናብም አልነበረም። ጉርምርሚት ትንሽ ከፍ አለችና የሃያ ቀን ልፋታቸውን አንድ በአንድ እያንሳፈፈች ወሰደችው።

በማግሥቱ አያ አንበሶ ወረደ።

«ድልድዩ የታለ?»

«ጃንሆይ፣ ሄደ» አለ አያ ጅቦ።

«ጠፍሩስ? አሥሩ የበሬ ቆዳ የታለ?»

«እሱማ ሙከራ ላይ አለቀ።»

«የምን ሙከራ?»

«ጥንካሬውን በጥርሴ ስሞክር፣ ስሞክር…»

አያ አንበሶ ጎፈሩ ቆመ። «ሰርተፊኬትህን አምጣ!»

አያ ጅቦ ዛፉን ቀና ብሎ አየው። ዛፉ ባዶ ነው። «ጃንሆይ፣ ዝናብ እንዳይነካው ብዬ ውስጥ አስቀመጥኩት።»

«የት ውስጥ?»

አያ ጅቦ ሆዱን ዳሰስ አደረገ።

በዚህ የሚስቅ ጠፋ። ሰኔ ገብቷል፤ ሰማዩ ጠቁሯል። እመት ቀበሮ ወደ ቁጥቋጦው ወደ ኋላ ወደ ኋላ ማለት ጀመረች። አያ አንበሶ አያ ጅቦን ሊመታው መዳፉን አነሣ። ያን ጊዜ እትዬ ዳለቻ ሆዷ ወዲያና ወዲህ እያለ መጥታ መካከላቸው ቆመች። 

«ጃንሆይ፣ እሱን በኋላ ይቅጡት። ወር ቢቀረን ነው። እስኪ አምስት ነገር ልጠይቅ።»

«ጠይቂ» አለ አያ አንበሶ፤ ሌላ ምን ይበል?

«የምንሠራው ምንድን ነው?»

«ድልድይ ነዋ!» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

«ምን ዓይነት?»

«የድንጋይ» አለ ከርከሮ። «የገመድ» አለ ዝንጀሮ። «የእንጨት» አለ አያ አንበሶ። ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ። ለካ ሃያ ቀን ሙሉ እያንዳንዱ የየራሱን ድልድይ ሲሠራ ነበር! ተከራከሩና እንጨት ላይ ተስማሙ።

«ለማን ነው?»

«ለሁላችን» አለ ዝንጀሮ።

«እንግዲያው በትንሹ እግር ይለካ» አለች። «የእርስዎ መዳፍ የማይገባበት ክፍተት ጃንሆይ፣ የውርንጭላ ኮቴ ይገባበታል። ጣውላው ይጠጋጋ።»

ምን ይቅደም ስትል ከርከሮ አላስጨረሳትም፤ «ምሰሶ! ስናገር ማን ሰማኝ!» ብሎ ጮኸ። ማሰሪያ በሐረግ እንዲሆን ዝንጀሮ ሐሳብ አመጣ፤ ግን አስቀድሞ የተቆረጠ ሐረግ ይደርቃል፣ ይበጣጠሳልም አለ። ስለዚህ ምሰሶው ቀድሞ፣ ጣውላው ተከትሎ፣ ሐረጉ በሚታሰርበት ዕለት እንዲቆረጥ ሆነ። ማን ምን ይሥራ በተባለ ጊዜ ሁሉም ድርሻውን ያዘ። አያ ጅቦ እንኳ አልቀረም።

«ጥርሱ ተሞክሯል አይደል?» አለች እትዬ ዳለቻ። «የምሰሶውን ጫፍ ያሹል።»

አምስተኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ግን ቀስ ብላ ወንዙ ዳር ወዳለው ዋርካ ሄደች። ግንዱ ላይ የደረቀ የጭቃ መሥመር አለ፤ ከአያ አንበሶ ራስ በላይ ነው።

«ባለፈው ሐምሌ ውሃው እዚህ ደርሶ ነበር» አለች። «እዚህ ቆሜ ነው ውርንጭላዬን ስፈልጋት የዋልኩት።» ከዚያም «ዘንድሮ ከዚህም ቢያልፍስ?» አለች።

 ከርከሮ ሄዶ መሥመሩን ለካና «ከዚህ በላይ አንድ ክንድ» አለ።

ድልድዩ ሰኔ ሃያ አምስት ቀን አለቀ። እትዬ ዳለቻ ሰኔ ሃያ ስምንት ወለደች። ሐምሌ ገባና ጉርምርሚት እየጮኸች መጣች፤ የዋርካውን መሥመር አልፋ በስንዝር ወጣች። ድልድዩ ግን ከውሃው በላይ ቆሟል። ውርንጭላው ከእናቱ ኋላ ጣውላውን እያሸተተ፣ ኮቴውን አንድ በአንድ እያነሣ ሄደ። እትዬ ዳለቻ በየሦስት እርምጃው ዞር ትላለች። ዞር ባለች ቁጥር አለ። ማዶ ሲደርሱ ሣሩን ትታ አለቀሰች።

እመት ቀበሮ ተከትላት ተሻግራ ነበር። «ማን አስተማረሽ?» አለቻት ምቀኝነት በያዘው ድምፅ።

«አንቺ ነሻ።»

«እኔ? እኔ ያልኩት ይሄን ሁሉ ነው እንዴ?» አለች ቀበሮ። ከዚያም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዶሮ የሌለበት ነገር ለማየት ጎንበስ ብላ ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ ትመረምር ጀመር።

አያ አንበሶም አዲስ የፍየል ቁርበት ይዞ መጣ። «እትዬ ዳለቻ፣ ሰርተፊኬቱ ላንቺ ይገባል» አላት።

«ጃንሆይ ያክብሩልኝ። ካልከፋዎት ድልድዩ መግቢያ ላይ ይነጠፍልኝ፤ እዚያ ጋ ጭቃው ልጄን ያዳልጠዋል።»

ቁርበቱ ተነጠፈ። አያ አንበሶ ሁሉም እስኪሄድ ጠበቀና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «እትዬ ዳለቻ» አላት በሹክሹክታ፣ «ለመሆኑ ሰርተፊኬት ምንድን ነው?»

እትዬ ዳለቻ ልጇን ወደ ሣሩ ገፋ አደረገችው። «ጃንሆይ፣ ያን ቀን ሸንጎው ላይ አብረን ጠይቀን ቢሆን ኖሮ፣ ሃያ ቀን ባልባከነብን ነበር» አለችው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? ሰርተፊኬት ጥምጣሙ ነው።»

ከዚህ የምንማረው አበል በልቶ፣ ፈርሞ ከወጣ ሠልጣኝ ይልቅ ደጅ ቆማ የጠየቀች ውሃ ቀጂ ወንዝ እንደምታሻግር ነው።